«እነሱ ሲከፍሉን እንከፍላለን»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰውየው በሩን አንኳኩተው ገቡ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ትንሽ ብቻ ተኝተው እንደመጡ ዓይናቸው ያስታውቃል። ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ ደሞዛችን ነገ ይገባል ወይስ አይገባም?»

መልሱን ከጠዋት ጀምሮ አፌ ለምዶታል። በስልክ ለሃያ ምናምን ሰው ነግሬዋለሁ። «ጋሼ፣ ድርጅቱ ገና አልከፈለንም። እነሱ ሲከፍሉን እኛም በዚያው ቀን እንከፍላለን» አልኳቸው። እውነት ለመናገር፣ ስናገረው ምንም አልከበደኝም። እንዲያውም ያልደበቅኩ፣ በግልጽ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ዝም ብለው አንገታቸው ላይ ያለውን ባጅ አወለቁና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከፊት ለፊቱ የሚሠሩበት ድርጅት አርማ አለ። ትልቅ ነው፣ ባለቀለም። ከሥሩ ፎቷቸው አለ። ገለበጡት። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የእኛ ድርጅት ስምና ስልክ ተጽፏል፤ «ባጁን ወድቆ ካገኙት ይደውሉልን» ከሚል መስመር ጋር። ጣታቸውን እዚያች ላይ አሳረፉ።

«እኔን የቀጠረኝ የትኛው ነው? ይሄኛው ነው ወይስ ይሄኛው?»

የምለው ጠፋኝ። «ውሌ ላይ የፈረምሽው አንቺ ነሽ መሰለኝ» አሉና ባጃቸውን አንስተው ወጡ። አልጮሁም። በሩን እንኳ ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

ይሄ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ደመወዙ ዘግይቶም ቢሆን ተከፍሏል። ሠራተኛ ቀጥሮ ለሌሎች ድርጅቶች የሚያቀርበው የሰው ኃይል አቅራቢ ድርጅቴም አልተዘጋም፤ አድጓል፣ ያተርፋልም። የዚያ ባጅ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ድርጅት 200 ሠራተኛ እንድናቀርብለት ጠየቀን። የላኩልንን ረቂቅ ውል ገልጬ የክፍያውን አንቀጽ ሳነብ የሰውየው ጣት እዚያው መስመር ላይ ያረፈ መሰለኝ። ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው።

## ትልቁ ደንበኛ

ያኔ ትንሽ ነበርን። ቢሮ ውስጥ አራት ሰዎች፣ ውጭ ደግሞ በ11 ደንበኞች ዘንድ ተበትነው የሚሠሩ 40 ገደማ ሠራተኞች። ጽዳት፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የመረጃ ጸሐፊ፣ ሾፌር። ደንበኞቻችን አነስተኛ ስለነበሩ ቶሎ ይከፍሉናል። አንዳንዱ ጋ ባለቤቱ ራሱ ነው ቼኩን የሚፈርመው። ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ በጭንቅላቴ እከታተለው ነበር። ሠንጠረዥ የሚባል ነገር አልነበረኝም፣ አላስፈለገኝምም።

ከዚያ አንድ ትልቅ የመጋዘን ድርጅት 120 ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ጠየቀን። ጫኝና አውራጅ፣ አሻጊ፣ ቆጣሪ፣ የፎርክሊፍት ሾፌር፤ በሁለት ፈረቃ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ሞልተን አስረከብን። ያየ ሁሉ አመሰገነን። በሙያው ከእኛ የሚቀድሙ ሰዎች ሳይቀሩ እየደወሉ «እንዴት አድርጋችሁ ነው?» ይሉን ጀመር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔም አጠብኩ።

ውሉን ስንደራደር የተከራከርነው በፐርሰንት ላይ ነበር። እነሱ ከደመወዙ ላይ 28 በመቶ እንጨምርላችሁ ይላሉ፣ እኛ 30። ሁለት ስብሰባ፣ በድምሩ አምስት ሰዓት። በመጨረሻ 30 ሆነ። ከስብሰባው ስወጣ አንበሳ የገደልኩ ነበር የመሰለኝ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፤ «ክፍያ የሚፈጸመው ትክክለኛ የክፍያ መጠየቂያ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ነው» ትላለች። አንብቤያታለሁ። አንብቤ አልፌያታለሁ።

## ላም አለኝ በሰማይ

ሂሳቡን እንደወረደ ላስቀምጠው። የገንዘቡን ዓይነት ተዉት፣ ቁም ነገሩ ምጣኔው ነው።

ለአንድ ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ 100 እንከፍላለን እንበል። የጡረታ መዋጮው፣ ኢንሹራንሱ፣ የዓመት ፈቃዱ ሲደመር 15 ይጨምራል። ደንበኛውን 130 እንጠይቃለን። እሱ 30 የምንበላ ይመስለዋል፤ እጃችን ላይ የሚቀረው ግን 15 ነው። ከዚያ ላይ የቢሮ ኪራይ አለ፣ ሠራተኛ ፈልገው የሚያመጡልን መልማዮች ደመወዝ አለ፣ ማስታወቂያ አለ፣ ሰው ሲቀር ሌሊት ተነስቶ ምትክ መላክ አለ። ይህ ሁሉ 10 ይወስዳል። 5 ትቀራለች። 5 ትንሽ አይደለችም። በ120 ሰው ስትባዛና በየሁለት ሳምንቱ ስትመጣ ጥሩ ገንዘብ ናት። የዚህ ሥራ ትርፍ እንዲህ ነው፤ ቀጭን፣ ግን ብዙ።

አሁን ቀኑን እንቁጠር። ኢንቮይስ፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ፣ የምንልከው በወሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ 60 ቀን ይጠበቃል። ስለዚህ ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን የሠራው ሥራ ገንዘቡ የሚመጣው በ90ኛው ቀን ነው። እስከዚያ የደመወዝ ቀን ስድስት ጊዜ ይደርሳል። ስድስት ጊዜ 115፣ 690። ይህ ለአንድ ሠራተኛ ነው። ለ120ው 82,800 ይሆናል። አንዲት ሳንቲም ሳይገባ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ደንበኛው ሁለት ሳምንት ብቻ ቢያዘገይ ደግሞ ሰባተኛው ደመወዝ ይመጣል። ሌላ 115 ከየት ይምጣ? ከትርፌ ልሸፍነው ብል በ5 በ5 ስቆጥር 23 የደመወዝ ጊዜ፣ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ይፈጃል።

ይሄን ያኔ አልቆጠርኩትም። ሂሳብ ሠራተኛችን በየወሩ የሚያሳየኝ ወረቀት ላይ ታሪካችንን ሙሉ እንደዚያ አትርፈን አናውቅም። ወረቀቱ አልዋሸም። ገቢው ተመዝግቧል፣ ወጪው ተመዝግቧል፣ ልዩነቱ ትርፍ ነው። ገንዘቡ ግን እነሱ ጋ ነው ያለው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

በነገራችን ላይ፣ የዚህ ሥራ አስቂኝ ጠባይ ይሄ ነው፤ ስታድግ ኪስህ ይራቆታል፣ ስትቀንስ ይሞላል። ሥራ ቀዝቅዞ ሠራተኛ ሲቀንስ የሚከፈለው ደመወዝ ወዲያው ይቀንሳል፣ የድሮው ኢንቮይስ ግን ገና እየተሰበሰበ ነው። በአንድ የቀዘቀዘ ወቅት የባንክ ሂሳቤን አይቼ «ጎበዝ፣ ሀብታም ሆነናል እንዴ?» ብዬ ነበር። እየከሰምን ነበር።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። ስድስተኛውን ደመወዝ ከፍለን ካዝናችን ባዶ ሆነ። በ88ኛው ቀን የመጀመሪያው ክፍያ መቼ እንደሚገባ ለመጠየቅ ደወልኩ። የስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ «የእናንተ ኢንቮይስ ተመላሽ ሆኗል እኮ፤ ኢሜይሉ አልደረሳችሁም?» አለችኝ። ኢሜይሉ የደረሰው ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። ማንም የማያየው የአላስፈላጊ መልእክቶች ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ምክንያቱን ሳነብ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በአንድ የሌሊት ፈረቃ የአንድ ሠራተኛ ሰዓት በእኛ መዝገብ 8፣ በእነሱ መዝገብ 5 ነው። የፈረቃ ኃላፊው ሰዓቱ የሚመዘገብበት ሉህ ላይ አልፈረመም። ሦስት ሰዓት! በሦስት ሰዓት ምክንያት የ120 ሰው የአንድ ወር ክፍያ እንዳለ ተመልሷል። «ትክክለኛ የክፍያ መጠየቂያ» የምትለዋ ቃል ሥራዋ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አስተካክለን ስንልክ 60ው ቀን እንደገና ከአንድ ይቆጠራል ማለት ነው።

ሰባተኛው ደመወዝ የሚደርሰው በአስር ቀን ውስጥ ነበር። ጋሼ የመጡት በዋዜማው ነው።

## አምስት ቀን

አርብ ደረሰ። የነበረን ገንዘብ ለ40ዎቹ የቆዩ ሠራተኞቻችንና ለቢሮው ይበቃል፤ ለ120ዎቹ አይበቃም። ሂሳብ ሠራተኛችን «የ40ዎቹ ደንበኞች ከፍለዋል፣ ስለዚህ 40ዎቹ ይገባቸዋል» አለኝ። ልክ ነው ብዬ ልፈርም ብዕር አነሳሁ። አነሳሁና ቆምኩ። ያው ዓረፍተ ነገር ነው እኮ! እነሱ ሲከፍሉን እንከፍላለን። የ40ዎቹም ውል ላይ የ120ዎቹም ውል ላይ የሰፈረው የደመወዝ ቀን አንድ ነው። የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ጋሼ እኔ ጋ ሲቀጠሩ ደንበኛው መቼ እንደሚከፍለን አልነገርኳቸውም። ለምን ልነግራቸው? አይመለከታቸውም።

ለ40ዎቹ ከፈልኩ። ለአንዱ ስላልከፈልኩ ሌላውንም ላስቀር አልልም ብዬ ነው። ትክክል መሆኔን ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት ያለውን ለሁሉም አካፍዬ ግማሽ ግማሽ መስጠት ነበረብኝ። የቢሮው ደመወዝ እንዲቆይ አደረግን፣ የእኔም ጭምር።

ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። ለ11ዱም አነስተኛ ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ደወልኩ። ብድር አልጠየቅኩም። የሚቀጥለውን ክፍያ ቀድመው ቢፈጽሙልን 2 በመቶ እንደምቀንስላቸው ነው የነገርኳቸው። ሰባቱ እሺ አሉ። ሦስት ሰው ብቻ የምናቀርብለት አንድ የጥርስ ሐኪም ነገሩን ከአፌ ነጥቆ «ቅናሹን ተይው፤ ስንት ቀን ልቅደም?» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሰኞ ባንክ ሄጄ የግል ዋስትና ፈርሜ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ከሂሳባችን በላይ እንድናወጣ የሚፈቅድ ብድር፣ ወሰድኩ፤ ወለዱ ያስፈራል። ማክሰኞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለ120ዎቹም ገባላቸው። አምስት ቀን ሙሉ፣ እሑድን ጨምሮ።

እስከዚያ ዘጠኝ ሰዎች ሥራ ትተዋል። ሰኞ ጠዋት የመጋዘኑ ሱፐርቫይዘር ደውሎ «ሰው ጎድሎብናል፣ በ24 ሰዓት ካልተካችሁ በውሉ መሠረት ቅጣት አለ» አለኝ። ያልከፈለን ደንበኛ፣ ባለመክፈሉ ለሄደው ሰው ሊቀጣን። ሳቄ መጣ፤ ግን ልሳቅም አልቻልኩ። ተካን።

ከዘጠኙ አንዱ ጋሼ ነበሩ። ማክሰኞ ማታውን ደወልኩላቸው። «ገብቷል ልጄ፣ አይቼዋለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ይመለሱ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እስቲ እናያለን» አሉኝ። በእኛ ቋንቋ «እስቲ እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

## ምንድን ነው የምንሸጠው?

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊት ሌሊት የዚህን ሥራ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ ሥራ ጀማሪዎች አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ራስል ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1946 ዲትሮይት ውስጥ ሲጀምር ሥራው ወደ እሱ ቢሮ ነበር የሚመጣው። ድርጅቶች የሚተየበውን ይልካሉ፣ የእሱ ሠራተኞች እዚያው ጨርሰው ይመልሳሉ። ቆየት ብሎ ግን ደንበኞቹ «ሥራውን ከምንልክልህ ሰዎቹን ላክልን» አሉት። ማንፓወር የተባለው ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 በሚልዋኪ የተቋቋመው በሁለት የሕግ ባለሙያዎች ነው፤ ኤልመር ዊንተርና አሮን ሻይንፌልድ። አንድ የችኮላ የፍርድ ቤት ሰነድ ደርሶባቸው የሚተይብላቸው ሰው አጡ። እኛ ከተቸገርን ሌላውም ይቸገራል ብለው ነው ሥራውን የጀመሩት ይባላል።

ሁለቱም ታሪክ ላይ ደንበኛው የሚፈልገው ሰው ብቻ አይደለም። ሰውን ዛሬ ነው የሚፈልገው፤ ነገ ደግሞ ላይፈልገው ይችላል። ከዛሬና ከነገ መካከል ያለውን ጣጣ ሌላ ሰው እንዲሸከምለት ይፈልጋል።

እኔ ሰው የምሸጥ ይመስለኝ ነበር። በቢሮአችን ቋንቋም «ስንት ሰው ሸጥን?» እንባባል ነበር፤ ሳስበው ያሳፍረኛል። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1944 በፊላዴልፊያ ያወጣው መግለጫ ከመርሆቹ መጀመሪያ ያደረገው «ሥራ ሸቀጥ አይደለም» የሚለውን ነው። ታዲያ ሰው ካልሆነ ምንድን ነው የምሸጠው? ፈልጎ ማግኘትን ነው እንዳልል፣ ስልክና ብዙ ዘመድ ያለው ሁሉ ሰው ማግኘት ይችላል። ያም ይከፈልበታል፣ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚከፈልበት። በየሁለት ሳምንቱ፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ፣ ያቺን 15 የምቀበለው በምን ምክንያት ነው?

ቀስ ብሎ ገባኝ። የምሸጠው መጠበቅን ነው። ሠራተኛው አርብ መብላት አለበት፤ ደንበኛው በ60ኛው ቀን መክፈል ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የምቆመው እኔ ነኝ። ደንበኛው ሲከስር የምደነግጠው፣ ሠራተኛው ሲታመም ፈቃዱን የምከፍለው፣ ሥራው በድንገት ሲቆም የማሰናበቻውን ጣጣ የምጨርሰው እኔ ነኝ። 15ቷ የዚህ ዋጋ ናት። «እነሱ ሲከፍሉን እንከፍላለን» ባልኩ ጊዜ የሸጥኩትን ዕቃ ከሠራተኛው ኪስ አውጥቼ ለደንበኛው አቀበልኩ። መጠበቁን ጋሼ ጠበቁ፤ ፐርሰንቱን እኔ ተቀበልኩ። እንዲህ ከሆነ እኔ ደላላ ነኝ። ያውም ደላላ አንድ ጊዜ ተቀብሎ ይሄዳል፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ እመለሳለሁ።

## «ከተመዝጋቢው ትንሽ ትንሽ ውሰጂ»

ችግራችንን የሰማ አንድ የሙያ ባልደረባ መከረኝ። ረጅም ዓመት የሠራ ሰው ነው፣ አክብሮቴም አለ። «ሥራ ፈልጎ ከሚመዘገበው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ውሰጂ። ለማንም አይከብድም። ካዝናሽ ይሞላል፣ ከባንክም ትገላገያለሽ» አለኝ።

አልዋሽም፣ አንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። የግል የሥራ ስምሪት ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት፣ ቁጥር 181፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ነው። አንቀጽ 7 ላይ ኤጀንሲዎች ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ምንም ዓይነት ክፍያ እንዳይወስዱ ይከለክላል። አገሮች በተወሰነ ሁኔታ ልዩ ፈቃድ የሚሰጡበት ቀዳዳም አለው። ቀዳዳው ነው እንግዲህ ሰውን የሚፈትነው።

እኔን የመለሰኝ ግን ሕጉ ብቻ አልነበረም። ነገሩን በሂሳብ ሳየው አስፈራኝ። ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ ከተቀበልኩ፣ ሰልፉ ራሱ ገቢ ይሆናል። ሰው ሥራ ባገኘ ቁጥር ሳይሆን ሥራ ባጣ ቁጥር አተርፋለሁ። ደጄ ላይ 500 ሰው ተመዝግቦ 10 ብቻ ቢቀጠር ለእኔ መልካም ወር ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራ ፍለጋው ላይ ለምን ይደክማል? ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጥሩ ሠራተኛ አይመጣለትም፤ ጥሩ ሠራተኛ ሲያጣ ደንበኛም ይሸሸዋል። ደግሞም ስሙ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ የእኔን የገንዘብ እጥረት ኪሱ ባዶ የሆነው ሰው ይሸከምልኝ ማለት ነው።

## ከዚያ ወዲህ

የመጀመሪያው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመንም እሱ ነው። አንዲት ልጅ ቀጠርን። ሥራዋ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ፈረቃ ሲቀያየር፣ መጋዘኑ በር ላይ መገኘት ነው። የሌሊቱ ኃላፊ ጃኬቱን ለብሶ ሳይወጣ የሰዓት ሉሁን ታስፈርመዋለች። ሰውየው መጀመሪያ ይሸሻት ነበር። እሷ ደግሞ መኪናው አጠገብ ሄዳ ትቆማለች። በኋላ ገና ሲያያት ብዕሩን ማውጣት ጀመረ። ሦስት ሰዓት የተለያየ እንደሆነ በዚያው ጠዋት ይታወቃል፣ በዚያው ጠዋት ይስተካከላል። ኢንቮይሱንም በየሳምንቱ፣ በየክፍሉ ነጣጥለን መላክ ጀመርን። የአሻጊዎቹ ላይ ጥያቄ ቢነሳ የጫኞቹ አይያዝም። ከዚያ በኋላ ተመላሽ የሆነብን ኢንቮይስ በጣት የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛው፣ ድርድሩን ገለበጥኩት። በፐርሰንት መከራከር ተውኩ፤ በቀን ነው የምከራከረው። «ከጠቅላላው ላይ 1 በመቶ ልቀንስላችሁ፣ እናንተ ከ60 ቀን ወደ 30 ቀን ውረዱ» እላለሁ። ከ130 ላይ 1 በመቶ 1.30 ናት፤ ከ5ቷ ትርፌ ከሩብ በላይ ትሄዳለች። ያማል። ሽያጭ ክፍላችን ዛሬም «ትርፋችንን እየበተንሽ ነው» ይለኛል። ግን በዚያ 30 ቀን ውስጥ ሁለት ደመወዝ አለ። ሁለት ደመወዝ ከኪሴ አይወጣም፣ ባንክም አልሄድም።

አንድ ደንበኛ ከጠቅላላ ሠራተኞቻችን ከሩብ በላይ እንዳይዝም ወሰንን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ይህን ደንብ ሁለት ጊዜ ጥሼዋለሁ፤ አንዱ ሠመረ፣ ሌላው አልሠመረም። በተለይ ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2020 እንደታየው፣ ድርጅቶች መጀመሪያ የሚቀንሱት በኤጀንሲ በኩል የመጣውን ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው። ሁሉን አንድ ቤት ያስቀመጠ አቅራቢ በአንድ ስልክ ሊያበቃለት ይችላል።

ስለ መልማዮቻችንም ጥቂት ልበል። ቀድሞ ጉርሻቸውን የምንሰጠው ባስቀጠሩት ሰው ቁጥር ነበር። እነሱም ያገኙትን ይልካሉ። የላኩት ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይጠፋል፣ ሌላ ይልካሉ፣ ሌላ ጉርሻ ይወስዳሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው፤ ለቀማውን የምከፍለው ደግሞ እኔ ነኝ። አሁን ጉርሻው የሚሰጠው ሰውየው ሥራ ላይ 90 ቀን ሲሞላው ነው። ሁለት መልማዮች በዚህ ተቀይመው ለቀቁ። የቀሩት ግን ሥራ ፈላጊውን «ቤትህ ከመጋዘኑ ምን ያህል ይርቃል? ሌሊት ትራንስፖርት ታገኛለህ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ለካ ግማሹ ሰው የሚጠፋው በትራንስፖርት ነው።

ለቋሚ ሥራ ሰው መርጠን ስናቀርብ የምናገኘው ክፍያም አለ። አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ደመወዝ የለበትም። ሰውየው ይቆያል ብለን ዋስትና በሰጠንበት ጊዜ ውስጥ ከለቀቀ ያለ ክፍያ እንተካለን። ያን ገንዘብ ለብቻው አስቀመጥነው። ማንም አይነካውም፣ እኔም ብሆን። አንድ ሙሉ ደመወዝ እስኪሞላ 19 ወር ፈጀብን። ሂሳብ ሠራተኛችን «የጋሼ ሂሳብ» ብሎ ነው የሚጠራው። እንዴት እንደሰማ አላውቅም፤ እኔ ነግሬው አላውቅም።

ያን ዓረፍተ ነገር በቢሮአችን ማንም እንዳይናገረው አዝዣለሁ። ግን ባለፈው ዓመት አንድ አዲስ መልማይ በስልክ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት። «አይዟችሁ፣ እነሱ እንደከፈሉን…» ይላል ለስለስ ባለ ድምፅ። ማንም አላስተማረውም። ደመወዙም አልዘገየም ነበር፤ ሰዎቹ እንዲሁ ለመጠየቅ ነው የደወሉት። ቁጣዬ መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ራሴን አስታወስኩ። አፍ ላይ በቀላሉ የሚመጣ ቃል ነው። እውነትም ይመስላል።

የባጁን ነገር ግን አልቻልኩትም። የእኛን ስም ወደ ፊት ለፊት ለማምጣት ሞክሬያለሁ። ደንበኞች እምቢ ይላሉ፤ የጥበቃ ደንባቸው አይፈቅድም፣ ባለቀለሙ ቦታ የእነሱ ነው። ቢያንስ ከጀርባው ያለውን ፊደል አተለቅነው። «ቀጣሪ» የሚል ቃልም ጨመርንበት።

የ200ው ሰው ውል አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። 35 በመቶ ይሰጡናል፤ ከማንም ያላገኘነው ነው። ክፍያው በ90 ቀን። ሂሳብ ሠራተኛችን ከጎኑ በእርሳስ ጽፎበታል፤ ስምንት ደመወዝ፣ 184,000። በ50 ሰው እንጀምር፣ ኢንቮይስ በየሳምንቱ ይሁን፣ ክፍያው በ30 ቀን ይሁን ብዬ ፐርሰንቱን ቀንሼ መልስ ላክሁ። የፋይናንስ ኃላፊያቸው «እንነጋገርበታለን» ብሎ ከጻፈ ስድስት ቀን ሆነው። ሽያጭ ክፍሉ አኩርፎኛል። ምናልባትም ትክክል ናቸው።

ነገ አርብ ነው። የደመወዙ ዝርዝር ከምሳ በፊት መጥቷል፤ ገና አልፈረምኩበትም።